ጥንድ ያጣ ቃል

«ቤቱ ባዶ ነው» አለች ሜሮን በስልክ። «አንዲት ሠራተኛ ብቻ ናት ያለችው፤ እሷም በዚህ ሳምንት ትወጣለች። ገዢው መጥቶ ማየት ይችላል።»

ማርያማዊት በሩ አጠገብ ተቀምጣ ጫማዋን እያሰረች ነበር። አባይነሽ ደግሞ በሳሎኑ ሌላኛው ጫፍ፣ ትናንት የአርባው እንግዶች የተቀመጡባቸውን የእድር ወንበሮች ትደራርባለች። አልሰማችም ማለት አይቻልም። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ቡፌውና ሶፋዎቹ ከያዙት የተረፈው ቦታ ሰውን ከሰው የሚያርቅ አይደለም። ሆኖም ቀና አላለችም። ፕላስቲኮቹ ሲጋጩ ድምፅ እንዳያሰሙ እያንዳንዱን ወንበር በሁለት እጇ ይዛ ቀስ አድርጋ በሌላው ላይ ታስቀምጣለች፤ ስልክ የምታወራውን ሰው ላለመረበሽ። ሜሮን ስልኩን ዘግታ ዞር አለችና «አባይነሽ፣ ስትጨርሺ ሻይ አምጪልን እስቲ» አለቻት። አባይነሽም «እሺ የኔ ልጅ» ብላ ወጣች።

ቤቱ የጋሽ ሙሉጌታ ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ የማርያማዊት አጎት ነው፤ የእናቷ ታላቅ ወንድም። ዩኒቨርሲቲ ሐዋሳ ሲደርሳት ከይርጋለም መጥታ እዚያው ሐዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር ወዳለው ወደዚህ ቤት ገባች፤ ተመርቃም፣ ሥራ ይዛም ከዚያው አልወጣች። ስትመጣ ልጆቹ ያሬድና ሜሮን አዲስ አበባ ሥራ ይዘው ስለነበር ቤቱ ውስጥ ያገኘችው ጋሽ ሙሉጌታንና አባይነሽን ብቻ ነው። አባይነሽ ወደዚህ ቤት የገባችው የልጆቹ እናት ታማ አልጋ ስትይዝ ልታስታምም ተቀጥራ ነው። ሴትዮዋ ሞተች፤ አባይነሽ ልጆቹን አሳደገች፤ ልጆቹ ሄዱ፤ እሷ ቀረች። ማርያማዊት ስትደርስ የአባይነሽ ቀሚሶች የተሰቀሉት በትልቁ መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከጋሽ ሙሉጌታ ኮቶች ጎን ነበር። ሽማግሌ አልተላከም፤ ሰማንያ አልተፈረመም፤ ድግስም አልተደገሰም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አያወራም። ልጆቹ ለበዓል በመጡ ቁጥር ግን አባይነሽ ትራሷን ይዛ ጓሮ ወዳለው ሰርቪስ ቤት ትሄዳለች፤ እነሱ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ትራሷን ይዛ ትመለሳለች። ማንም ሂጂ አላላትም፤ ማንም ተመለሺ አላላትም።

ጋሽ ሙሉጌታ በሞተ ዕለት ግን ከትራሱም አልፎ ቀሚሶቹ ወጡ። ሜሮን ከአዲስ አበባ እንደገባች፣ ድንኳኑ ተተክሎ ሳያልቅ፣ በትልቅ ፌስታል ጠቅጥቃ ሰርቪስ ቤቱ አልጋ ላይ አስቀመጠቻቸው። ለቀስተኛ ሲመጣ ሳሎን ፍራሽ ላይ የተቀመጠችውን ሜሮንን «እግዜር ያጥናሽ» እያለ ጎኗ ይቀመጣል፤ ንፍሮ ይዛ በመካከሉ የምታልፈውን አባይነሽን ደግሞ «በርቺ» ይላታል። ለሥራዋ ማለቱ ነው። ማርያማዊትም ብትሆን ሳህን እያቀበለቻት «አይዞዎት እትዬ» ከማለት አላለፈችም። አባይነሽ ስታለቅስ ያያት ሰው የለም። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሥራ የያዘ ሰው የሚያለቅስበት ቦታ አያገኝም።

ያሬድ ፊቱን ታጥቦ ፎጣ እንደያዘ ወደ ሳሎን ገባ። «ማርያማ፣ ችሎቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ከሥራሽ መጥቼ እወስድሻለሁ» አለ። «ከጎረቤት ጋሽ በቀለም ይመጣሉ። የሁለት ሰው ምስክርነት ይበቃል። የሚጠየቀው አጭር ነው። ሟችን ታውቂያለሽ? አዎ። ሚስት ነበረው? ሞታለች፤ ከዚያ በኋላ አላገባም። ልጆች? ሁለት። አለቀ። ወራሽነታችን ይረጋገጥልናል፤ አንዲት ውሸት የለበትም።»

«የለበትም» አለች። እውነቱን ነው፤ አንድም ውሸት የለበትም። ያሬድ ክፉ ሰው አይደለም። ተማሪ ሳለች በየወሩ የኪስ ይልክላት ነበር፤ ላፕቶፕም የገዛላት እሱ ነው። «ቤቱ ቢሸጥም አንቺ ሜዳ ላይ አትወድቂም፤ እኔ አለሁልሽ» አላት።

«እትዬ አባይነሽስ?»

ያሬድ ፎጣውን አጣጠፈ። «አገሯ ትገባለች። ባዶ እጇን አንሰዳትም ደግሞ።» አገሯ ቦዲቲ አካባቢ ነው። ወንድሟ ካረፈ ቆይቷል፤ የወንድሟ ልጆች በመልክም አያውቋት። ያሬድ ይህን ያውቃል፤ አሳድጋው የለ። ፎጣውን አንዴ ያጠፈውን መልሶ ፈታና እንደገና ያጥፈው ጀመር። ማርያማዊት ተነስታ ወጣች። በሩ ላይ አባይነሽ የሻይ ትሪ ይዛ ስትገባ ተላለፉ። «ሹራብሽን ያዢ» አለቻት አባይነሽ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ከሰዓት ከሐይቁ በኩል ይነፍሳል።»

ባጃጁ ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለ ሽንኩርት ያወራሉ። አንደኛዋ «ኪሎውን መቶ ሃያ አለኝ» ስትል ሌላኛዋ «እኔንማ ነጠላዬን አይቶ መቶ ሠላሳ አለኝ፤ ድሃ መስሎ መሄድ ነው የሚያዋጣው» ትላለች። ማርያማዊት በመሃላቸው ተጨምቃ መንገዱን ታያለች። ፒያሳ መውረጃዋ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት ነበረባት፤ አላለችም። ሁሌም እንደዚህ ነው። ባጃጁ መውረጃዋን አልፎ ሄደ፤ ባለነጠላዋ ሴትዮ ዓይኗን አየችና «ሹፌር፣ ይቺ ልጅ ወራጅ ናት መሰለኝ! ምነው እናቴ፣ አፍ የለሽም እንዴ?» አለችላት። ሳቁ። እሷም አብራ ፈገግ አለችና ያለፈችውን መንገድ በእግሯ ተመለሰች።

ቢሮዋ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያለ ክፍል ነው፤ ሦስት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። አለቃዋ አቶ ታምሩ ብዙ ዓመት በየችሎቱ ሲያስተረጉም የኖረ ሰው ነው። አሁን ለጀማሪ አስተርጓሚዎች የሚሆን የፍርድ ቤት ቃላት መድበል ያዘጋጃል፤ አማርኛውን ማርያማዊት፣ ሲዳምኛውን ባልደረባዋ ፊልሞን ይዘዋል። ቃላቱን በፊደል ተራ አይደረድሯቸውም። «የፊደል ተራ ቤተሰብ ይበትናል» ብሏቸው ነበር አቶ ታምሩ ገና በመጀመሪያው ቀን፤ «አባቱን እዚህ፣ ልጁን እዚያ ይጥለዋል።» ስለዚህ በአወላለዳቸው ይሰበስቧቸዋል። ወረሰ ከሚለው ግሥ አውራሽ፣ ወራሽ፣ ውርስ፣ ወራሽነት ይወጣሉ፤ አወጣጣቸው ራሱ ማን ለማን ምን እንደሆነ ይናገራል። አንዱ ሰጪው፣ አንዱ ተቀባዩ፣ አንዱ ነገሩ፣ አንዱ መሆኑ። ከሳሽ ካለ ተከሳሽ ይኖራል፤ አሠሪ ካለ ሠራተኛ። አንዱን ቤተሰብ በደንብ ያየ ሰው በሌላው ውስጥ የጎደለውን ሳይነገረው ይፈልጋል። ጥንዱ ካልተገኘ ተረስቷል ማለት ነው፤ ያኔ ያስሱታል። ማርያማዊት ይህን ሥራ ትወደዋለች። እሷ ሰው ፊት ቃል ለማውጣት ትቸገራለች፤ እዚህ ግን ቃላቱ ዘመዶቻቸውን ራሳቸው እየጠሩ ያመጡላታል።

«ሟችን ከማን ላጣምረው?» አለ ፊልሞን።

«ከገዳይ» አለች ሳታስብ።

«ኧረ ይሄ የውርስ ክፍል ነው! ሰውዬው አልጋው ላይ በሰላም ነው የሞተ፤ ለምን ወንጀለኛ ታመጪበታለሽ?»

«እንግዲያው ከአውራሽ ጋር አድርገው፤ አንድ ሰው ናቸው።»

«ባልና ሚስትስ? በምንም ግሥ አይገናኙም።»

«በእጅ አጣምራቸው» አለ አቶ ታምሩ ከወዲያ።

«ለካ ለዚህ ነው የማይስማሙት!» አለ ፊልሞን፤ አቶ ታምሩ መነጽሩን አውልቆ እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። ማርያማዊትም ሳቀች። ወዲያው ግን ከስር ያለው ቃል ላይ ደረሰች፤ «ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር»። ይህ ከቤተሰብ ሕጉ የመጣ ነው፤ ሕጉ ያውቀዋል፤ ሰዎች በዚህ ሁኔታ ኖረው አብረው ላፈሩት ንብረት መብት ይሰጣል። የነገሩ ቦታ ተሞላ። የሰውየውና የሴትዮዋ ቦታ ባዶ ቀረ። ሚስት አይባልም፤ ሚስት ብትሆን ጋብቻ በተባለ ነበር። አብሮ ኗሪ እንዳይባል ተከራይም አብሮ ኗሪ ነው። ወደ ላይም ወደ ታችም ፈለገች፤ የሚወለድ ነገር አጣች።

«ሴትዮዋን ምን እንበላት?» አለች።

«ቅምጥ» አለ ፊልሞን። «ውሽማም አለ። ሰፈር ውስጥ ስሙ መች ጠፋ።»

«ስድብ አናስገባም» አለ አቶ ታምሩ።

«ከስድብ ሌላ የለማ።»

ለማርያማዊት ፍራሽ ላይ ያልተቀመጠችው፣ «እግዜር ያጥናሽ» ያልተባለችው ሴት ንፍሮ ይዛ በለቀስተኛው መካከል ስታልፍ ታየቻት። «አቶ ታምሩ» አለች፤ «ሕጉ የሚያውቀው ሆኖ ስም ከሌላት፣ ፍርድ ቤት ምን ብላ ነው የምትቀርበው?»

አቶ ታምሩ ወደ እሷ ዞረ። ከሥራ ውጪ ነገር ስትጠይቀው ሰምቶ አያውቅም። «ስም የኛ ችግር ነው፤ የኔ ልጅ። ዳኛ የሚጠይቀው ኑሮውን ነው። አብረው ሲኖሩ ያየ ሰው ቀርቦ አይቻለሁ ካለ መንገዱ ይከፈታል። የሚቸግረው ያ ነው፤ ያየ ሁሉ ዘመድ ነው። ዘመድ ደግሞ አፉን ይይዛል። እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ ሴቶች ከዚያ በር ባዶ እጃቸውን ሲወጡ አይቻለሁ፤ የዋሸባቸው ሰው የለም፤ ዝም ነው የተባለባቸው።» ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ማርያማዊት ባዶውን ቦታ ቀይ ቀለም አድርጋበት አለፈች። ምሳ ሰዓት ፊልሞን እንብላ ቢላት አልራበኝም አለች።

ፍርድ ቤቱ መሃል ከተማ ነው። ምስክሮች አንዱ ሲናገር ሌላው አይሰማም፤ ስለዚህ ያሬድና ሜሮን ችሎት ሲገቡ እሷና ጋሽ በቀለ ኮሪደሩ ላይ ባለው የእንጨት አግዳሚ ተቀመጡ። ጋሽ በቀለ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የአጥር ጎረቤትና የሟች የዳማ ጓደኛ ናቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሽከረክራሉ።

«ጋሽ በቀለ፣ ስለ እትዬ አባይነሽ ቢጠይቁዎትስ?»

«ማን ይጠይቀኛል?» አሉ ወደ ወለሉ እያዩ። «የተጠየቁትን መመለስ ነው፤ ልጄ። ያልተጠየቁትን መናገር ሰፈር ያፈርሳል። ሰውየው ደግሞ ሞቷል፤ ስሙን ማንሳት ምን ይጠቅመዋል?» ስማቸው ተጠራ። ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። «አጭር ነው» አሏት፤ ባርኔጣቸውን ግን ደፍተው አልሄዱም፤ መልሰው ተቀመጡ።

ዳኛዋ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ናት። ማርያማዊት ቀኝ እጇን አንስታ ማለች። ያሬድ ከፊት አግዳሚ ላይ ሆኖ ራሱን ነቀነቀላት፤ በርቺ እንደማለት። ጥያቄዎቹ እሱ ባላት ቅደም ተከተል መጡ። ሟችን ታውቃለች፤ አጎቷ ነው። ሚስቱ ሞታለች። ከዚያ በኋላ ጋብቻ አልፈጸመም። ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ እነዚህ። ጸሐፊው ይጽፋል። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ተባለች፤ ከፍ አደረገች።

«እስኪሞት ድረስ ከማን ጋር ይኖር ነበር?»

ይህን ያሬድ አልነገራትም። መልሱ ግን ቀላል ነበር፤ ከእኔ ጋር ብትል እውነት ነው። እንዲያውም ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ዳኛዋ እየጠበቀች እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ታንኳኳለች።

«ከእኔና ከእትዬ አባይነሽ ጋር።»

«አባይነሽ ማን ናት?»

«የቤት ሠራተኛ ናት» አለች ሜሮን ከአግዳሚው።

«አንቺ አልተጠየቅሽም። ምስክር፣ ሴትዮዋ ከሟች ጋር ያላት ግንኙነት ምንድን ነው?»

ማርያማዊት ቃሉን ፈለገች። አስታማሚ ናቸው። አሳዳጊ ናቸው። ጧሪም፣ ቀባሪም እሳቸው ነበሩ። ሁሉንም ቃል ታውቀዋለች፤ አንዱም ብቻውን አይበቃም። «የሚባሉበትን ስም አላውቀውም» አለች።

«ስም ተይው። ያየሽውን ንገሪኝ።»

«የሚያድሩት አንድ መኝታ ቤት ነው» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «አንድ አልጋ ላይ። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ልጆቹ ለበዓል ሲመጡ ትራሳቸውን ይዘው ሰርቪስ ቤት ይተኛሉ፤ ሲሄዱ ይመለሳሉ። ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው የጋሼ ሱቅ ሲሠራ አብረው ነው ያሠሩት፤ ሲሚንቶውን ተቀብለው፣ ግንበኛውን ቆመው ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ጋሼ ሲታመሙም ያገላበጧቸው፣ ያጠቧቸው እትዬ ናቸው። ጋሼ ያረፉት በእሳቸው ክንድ ላይ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።»

ጸሐፊው እጁን አቁሞ «ምን ብዬ ልጻፋት?» አለ።

«እንዳለችው ጻፈው» አለች ዳኛዋ።

ወራሽነቱ በዚያ ቀን አልጸናም። ዳኛዋ ስሟ የተነሳው ሴት ቀርባ እንድትሰማ አዝዛ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠረች። ጋሽ በቀለ ነገሩ ሲነገራቸው ከአግዳሚው ተነስተው ለረጅም ጊዜ ባርኔጣቸውን ሲያቃኑ ቆዩና ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። ደረጃው ላይ ሜሮን የማርያማዊትን ክንድ ያዘች። «አልጋ? የአባቴን አልጋ ችሎት ላይ አወጣሽው? ዝምተኛዋ! አፍሽን ለዚህ ነው ያስቀመጥሽው?» ያሬድ እህቱን ገለል አደረጋት። እሱ አልጮኸም። «ምን አደረግንሽ፣ ማርያማ?» አለ። ምንም አላደረጓትም። «እሁድ ዕቃሽን አውጪ» አላት፤ ይህንንም ያለው በዚያው ረጋ ባለ ድምፅ ነው። መኪናው ሄደ፤ እሷ ባጃጅ አልያዘችም፤ በእግሯ ተነሳች። ከሐይቁ በኩል ነፋስ መጣ፤ ሹራቧን ለበሰች።

ቤት ስትደርስ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ የሳሎኑ በር ዝግ ነው። በጓሮ ዞረች። አባይነሽ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ያ ፌስታል አርባውን ቀን ሙሉ ሳይፈታ ጥግ ላይ እንደተቋጠረ ነው፤ ትራሱ ከጎኗ። ገና ወሬው አልደረሳትም፤ ልጆቹ ፊታቸው ጠቁሮ መግባታቸውን ብቻ አይታለች። ማርያማዊት በሩ ላይ ቆማ ነገረቻት። የተናገረችውን ሁሉ፣ አንዱንም ሳታስቀር።

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?» አለች አባይነሽ።

«አዎ እትዬ።»

«ትራሱንም?»

«ትራሱንም።»

አባይነሽ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ማርያማዊት ትቆጣኛለች ብላ ጠበቀች። ቁጣው አልመጣም። «ልጆቹ የሚያውቁ አይመስለኝም ነበር» አለች ከመዳፏ ስር። «ያን ያህል ዓመት... እኔ እንዳያዩ፣ እንዳያፍሩ ብዬ።» ከዚያ ቀና ብላ «ሜሮን ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም» አለች፤ ያ የለመደችው ሐሳብ መጥቶባት።

«ለሚቀጥለው ሳምንት ቀርበው እንዲናገሩ ተቀጥሯል። ይሄዳሉ?»

አባይነሽ የነጠላዋን ጫፍ እያጠፈች ትፈታለች። ማርያማዊት ልትሄድ ዞረች፤ መንገድ ላይ ሁሉ ስታስበው የመጣችው ነገር ግን ገና አልተነገረም። አርባ ቀን ሙሉ ጓሮና ሳሎን ስትመላለስ፣ ሳህን ስታቀብል፣ አንድም ጊዜ አላለችውም። ማንም አላለውም። ተመልሳ ጎንበስ አለች፤ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ።»

አባይነሽ መጀመሪያ ያልሰማች መሰለች። ቀጥሎ ትራሱን አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችውና ለማርያማዊት መቀመጫ ቦታ ለቀቀችላት። ለቅሶ የደረሰ ሰው ቆሞ አይሄድም፤ ማርያማዊት ጎኗ ተቀመጠች። አባይነሽ ድምፅ ሳታሰማ ጀመረች፤ ከዚያ ድምፅ አወጣች፤ ከዚያ ስሙን ጠራች፤ ጋሽም አቶም ሳትጨምር፣ ሙሉጌታ ብቻ ብላ።

ከሳሎኑ በኩል ሜሮን ተጣራች። «አባይነሽ!» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፤ «አባይነሽ!»

አባይነሽ ልማዷ ሆኖ እጇን ጉልበቷ ላይ ጫን አድርጋ ብድግ ልትል ቃጣች። እጇ እንደዚያው ቆየ። ከዚያ መልሳ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን በሐዘን አጣጣል አዘቅዝቃ ለበሰችና ማልቀሷን ቀጠለች።